ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለው ሳክስፎን
እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የደቡብ አፍሪካው ሄሹ ቤሹ ቡድን «አርሚቴጅ ሮድ» አልበም ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሽፋኑ ነው። ሙዚቀኞቹ ቢትልሶች በአልበማቸው ሽፋን ላይ እንዳደረጉት መንገድ ያቋርጣሉ፤ መንገዱ ግን የጆሃንስበርግ ሶዌቶ አቧራማ የሰፈር መንገድ ነው፤ ጊታሪስቱ ሲሪል ማጉባኔም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ኩረጃ ከተባለ፣ ምጸት ያዘለ ኩረጃ ነው። ለእኔ የአልበሙ ዋና ቁም ነገር የሄንሪ ሲቶሌ አልቶ ሳክስፎንና የወንድሙ የስታንሊ ቴነር ከማጉባኔ ኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። አልበሙን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ዘመን ሥራ አድርጌ ስቆጥረው፣ «አንድ ጊታር ያንን ዘመን አይወክልም» የሚል ይኖራል። ቡድኑ ግን ፒያኖ የለውም፤ ጊታሩ የፒያኖውን ቦታ ሸፍኖ ሳክስፎኖቹን ነፃ ይለቃቸዋል። ኢትዮጵያዊው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን እንደተጫወተው ሁሉ፣ እነዚህም የአገራቸውን ዜማ አልጣሉም። ወንድማማቾቹ ብዙም ሳይቆዩ «ዘ ድራይቭ»ን መሥርተው ወደ ሶል ሙዚቃ አዘነበሉ፤ የዚያ ዝንባሌ ፍንጭ እዚሁ አልበም ላይ በጊታሩ ምት ይሰማል።