ዶሮና ዳክዬ በአንድ ግቢ

በታች ጋይንት ወረዳ፣ ስሟን ከገበያዋ ባገኘችው በአርብ ገበያ ከተማና በዙሪያዋ ባለው አገር፣ ዶሮ ለባላገር እመቤት እንደ መቀነቷ ናት። እንቁላሉ ጨውና ሳሙና ይገዛል፤ የልጅም ደብተር ይሆናል፤ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ደግሞ አውራው ደኅና ዋጋ ያወጣል።

ዳሩ ግን ይህ መቀነት በአንድ ሳምንት ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ፈንግል የገባ እንደ ሆነ ነው። በ1926 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ታውቆ በዚያች ከተማ ስም የሚጠራው ይህ በሽታ፣ ክትባት ያላገኘውን መንጋ ጠራርጎ ሊፈጅ ይችላል።

ዳክዬ በጋይንት እምብዛም አልተለመደችም፤ በኦርቶዶክስ ምእመናንም ዘንድ ሥጋዋን የመብላት ልማድ የለም። ሆኖም ለእንቁላሏና ለሽያጭ ብሎ ከዶሮ ጋር ሊያኖራት የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ የሁለቱን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ዶሮ ደረቅ ስፍራና ቆጥ ትፈልጋለች፤ ዳክዬ ግን በመሬት ላይ ታድራለች፤ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጥብበት ውሃም ያስፈልጋታል። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር ቢያድሩ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ ሻጋታውም የዶሮዋን ሳምባ ይጎዳል። ጫጩትም ዳክዬ በምትታጠብበት ውሃ ትሰጥማለች። ወንዱ ዳክዬ እንስት ያነሰው እንደ ሆነ ዶሮዎቹን እያሳደደ ያቆስላቸዋል። ዶሮ የዳክዬን እንቁላል መታቀፍ ትችላለች፤ ነገር ግን የዶሮው በ21፣ የዳክዬው በ28 ቀን የሚፈለፈል ስለ ሆነ፣ ሁለቱን በአንድነት ማስታቀፍ አይበጅም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዳክዬ የፈንግልን ወይም የወፍ ጉንፋንን ተሕዋስ ተሸክማ ጤነኛ መስላ ልትታይ መቻሏ ነው።

እንግዲህ ግቢው ሰፊ ሲሆን ቀን በአንድነት ቢውሉም፣ ማደሪያቸውና ውሃቸው ይለይ። ከገበያ የተገዛ ማናቸውም ወፍ ከመንጋው ሳይቀላቀል ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ይጠበቅ።

የአጥር ጥበቃ ብቻውን ግን አይበቃም። ዶሮው ማንቀላፋት ሲጀምር፣ «ሳይሞት ልሽጠው» ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጥ ሰው አለ። የራሱን ጥቂት ብር ያተርፋል፤ የገዛችው ድኻ ሴት ግን በሽታውን በእቅፏ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ከእርሷም ቤት ወደ ጎረቤቷ ይተላለፋል። ጕድለቱን እያወቁ መሸጥ ባልንጀራን ማታለል መሆኑን ለሕዝቡ ማስረዳት የካህናት ተግባር ነው። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ፣ ሙቀትንም የሚችል ዓይነት አለው። ይህም በሽታው ሳይገባ በየቀበሌው እንዲደርስ መትጋት የሹማምንት ፋንታ ነው።

የታመመውን ዶሮ ከቤቱ የማያወጣ ሰው የሚጠብቀው የራሱን መንጋ ብቻ አይደለም፤ የማያውቃትንም የአንዲት እናት መቀነት ነው።