ቃል የታጠፈባቸው ልጆች

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኖ የሚሠራ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው ፍርድ «ሲፈጥረው ነው» የሚል ነው። መምህሩ ይለዋል፣ ወላጅ ይለዋል፣ የበር ጥበቃውም ይደግመዋል። ልጁ ተራ አይጠብቅም፣ የጓደኛውን እርሳስ ነጥቆ ይሮጣል፣ ብስኩት ሲታደል ሁለቴ ለመውሰድ ይጋፋል። እንግዲህ አባቱን ነው የወጣው ይባልና ነገሩ ያልቃል። አመል ከመወለድ የለበትም አልልም፤ ሁለት ልጅ ያሳደገች እናት ገና ከአራስ ቤት እንደሚለያዩ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ግን ስግብግብ ተብለው ቢሮዬ ከሚላኩት ብዙዎቹ ጋር ቁጭ ስል የማገኘው ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ሰው የሚናገረውን አያምኑም።

አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። በትምህርት ቤቱ ምገባ ቁርስ ላይ የሚሰጠውን ዳቦ ግማሹን ይበላና ግማሹን ደብተሩ መሃል ይሸጉጣል። መምህርቷ «ምሳም አለ፣ ነገም አለ» ብትለው አይሰማም። ደብተሩ ቅባት በቅባት ሆኗል። እናቱ ቤይሩት ናት። የሄደች ዕለት «ሱቅ ደርሼ ከረሜላ ገዝቼልህ መጣሁ» ብላው ነው የወጣችው። አያቱ ይህን ያጫወቱኝ እንደ ብልሃት ነው፤ «እንዳያለቅስባት ብለን እኮ ነው» አሉኝ። እስኪመሽ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቁንም በዚያው ድምፅ ነገሩኝ።

ልጆች ስለ መታገሳቸው ሲነሳ፣ ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናት ፊት ጣፋጭ አስቀምጦ፣ እስክመለስ ከጠበቃችሁ ተጨማሪ ታገኛላችሁ ማለቱን ብዙ ሰው ሰምቷል። የጠበቁት ኋላ በትምህርታቸው ጎበዝ ሆኑ ስለተባለ፣ በየሥልጠናው «ራስን መግዛት» የሚለው ርዕስ በተነሳ ቁጥር ይተረካል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን የሚያነሳ ብዙም አይገጥመኝም። ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሙከራ 28 ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። መጀመሪያ ያገለገለ ክሬየን ሰጥተው «ጠብቅ፣ የተሻለ አመጣልሃለሁ» አሉ። ለግማሾቹ አመጡላቸው፤ ለተቀሩት ባዶ እጃቸውን ተመልሰው «ይቅርታ፣ የለንም» አሏቸው። በተለጣፊ ሥዕልም ይህንኑ ደገሙት። ጣፋጩ የቀረበው ከዚህ በኋላ ነው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ታገሱ፤ የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። 15 ደቂቃውን እስከ መጨረሻ የጠበቁት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች ዘጠኙ ሲሆኑ ከሁለተኛዎቹ አንዱ ብቻ ነው። በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ማንም ስግብግብ ሆኖ አልተፈጠረም። ሁለተኛው ቡድን የተማረው እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ተስፋ እንደማይያዝ ነው፤ እንደ ተማረውም አደረገ። ኪድ ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ የጀመረችው ቤት አልባ ቤተሰቦች በሚጠለሉበት ቦታ ስታገለግል ነው። እዚያ ያገኘውን ቶሎ ያልበላ ልጅ ጉልበተኛ ይነጥቀዋል።

እኛ ቤትስ? «ዝም ካልክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ»፣ «አያምም» (ክትባት ሊወጋ ሲል)፣ «አሁን መጣሁ»። ከክፉ ልብ የመጣ የለበትም፤ ለቅሶ ለማሳጠር የሚከፈል ነው። ልጁ ግን ይመዘግባል፣ የመዘገበውንም ይዞ ክፍል ይገባል። እዚያ ተራ ጠብቅ የሚለው ሰው ሲያጋጥመው፣ ያ ሰው ለእሱ ከቤት ሰዎቹ አይለይም። ከዚያ ጓደኞቹ ማጫወት ይተዋሉ፣ «ቀማኛ» የሚል ስም ይወጣለታል፣ ስሙም ሌላ አስተማሪ ይሆንበታል።

ለመምህራን የምመክረው አሰልቺ ነገር ነው። ማድረግ የምትችሉትን ብቻ ተናገሩ፣ የተናገራችሁትን በሰዓቱ አድርጉ፤ «ቀጥሎ አንተ ነህ» ካላችሁ ቀጥሎ እሱ ይሁን። ከባዱ ከቤተሰብ ጋር ያለው ነው። ያቺ እናት በኢሞ ስትደውል «ለገና እመጣለሁ» ትለዋለች። በከፋላ ሥርዓት የገባች የቤት ሠራተኛ መመለሷ በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ፓስፖርቷ ማዳም እጅ ከሆነ ደግሞ ገና መቼ እንደሚሆንላት ራሷም አታውቅም። እሁድ እሁድ እደውላለሁ እንዳትለው እንኳ ስልኳ የሚወሰድበት ሳምንት አለ። ስለዚህ ቃሉን መጠበቅ በእጁ የሆነ ሰው ይስጠው ብዬ አያቱን ጠየቅኳቸው። «የደወለች ቀን ከእሷ ጋር ሳላገናኝህ አልዘጋም» ይበሉት፣ እማማ፤ ስለ ገና አይንገሩት።

«እውነቱን ነግሬው ሲያለቅስስ ማን ሊያባብልልኝ ነው?» አሉኝ።

ያለቅሳል አልኳቸው፤ ምናልባት ብዙ ቀን። ከረሜላ ሳያሳዩት አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አላመኑኝም። ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ስልክ የጎረቤት እንደሆነና ቻርጅ አልቆ የሚያድርበት ቀን እንዳለ ነገሩኝ።