ሞባይላችን ስኳር በሽታን ይከላከልልን ይሆን?



አንዲት እናት አንድ ቀን ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤቱ መጡ። ከላስቲክ ውስጥ አነስተኛ የስኳር መለኪያ መሣሪያ አወጡና ልጃቸው ከዓረብ አገር እንደላከችላቸው ነገሩኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ከቁርስ በፊት ስለካው 11 አለኝ። በጣም ወርዷል ብዬ ደንግጬ ሻዩን ስኳር አብዝቼ ጠጣሁት» አሉ። መሣሪያውን አየሁት። አገራችን በለመደችው መለኪያ፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ የሚሠራ አልነበረም፤ ሚሊሞል የሚባለውን ነው የሚያነበው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ወደ እኛው ለመለወጥ በ18 ማባዛት ያስፈልጋል። 11 ማለት 198 ነው! እኚህ እናት ስኳራቸው ከፍ ባለበት ሰዓት ሌላ ስኳር ጨመሩበት ማለት ነው።

ዕቃው ቤታቸው ደርሷል፤ ከዕቃው ጋር መምጣት የነበረበት ዕውቀት ግን አልመጣም። ሞባይልም እንደዚሁ ነው። አቦምሳ ከተማም ሆነ በዙሪያው ባሉ የመርቲ ቀበሌዎች ስልክ የሌለበት ቤት ማግኘት እየከበደ ነው። በሌላው ዓለም በዚህ ስልክ ስኳር በሽታን ለመከላከል የተሞከረውን ባጭሩ እንመልከት።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. በሞባይል የጤና ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም ጀመሩ። ለእኛ ቅርብ የሚሆነው የሴኔጋል ተሞክሮ ነው። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ይህች አገር በ2014 እ.ኤ.አ. በረመዷን ወር ለስኳር ሕሙማን በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ጀመረች። መልእክቶቹ የወሩን አመጋገብና የጾምን ጥንቃቄ የሚመለከቱ ነበሩ። ወሩን መምረጣቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ሰው ስለ ምግቡ አብዝቶ የሚያስበው በረመዷን ነውና።

ይሁን እንጂ «መልእክት ማንበብ በሽታን ያስቀራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ጥሩ ምላሽ የሰጠው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የደቡብ ሕንድ ጥናት ነው። ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ገና ሕመምተኛ ያልሆኑ 537 ሠራተኛ ወንዶች ተመረጡ። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ምክር ተሰጣቸው። ግማሾቹ ብቻ ከዚያ በኋላ በስልካቸው በየጊዜው ማስታወሻ ይደርሳቸው ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ ምክር ብቻ ካገኙት 27 በመቶው ስኳር ሲይዛቸው፣ መልእክት ይደርሳቸው ከነበሩት የተያዙት 18 በመቶ ናቸው። ምክሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ መደጋገሙ ነው። እኔም ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ የማየው ይህንኑ ነው፤ የነገርኩት ሁሉ ሰውየው ገበያውን ሳይሻገር ይረሳል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች መልእክቱ ከመላኩ በፊት ደማቸው ተመርምሯል። ሳይለኩ የሚላክ ማስታወሻ ለማን እንደተላከ አይታወቅም። ስለዚህ ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ፣ ወገባችሁ የሰፋ፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት በስኳር የታመመባችሁ፣ ወይም በእርግዝና ወቅት ስኳር የታየባችሁ እህቶች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዳችሁ በባዶ ሆድ ተለኩ። ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ መከላከል የሚቻልበት ጊዜ ይህ ነው። 126ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ነው። ይህ ሁሉ በአዋቂዎች ላይ ስለሚመጣው ዓይነት ሁለት ስኳር ነው፤ ብዙ ጊዜ በልጅነት የሚጀምረውን ዓይነት አንድ በአመጋገብ መከላከል አይቻልም።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ የጽሑፍ መልእክት ሁለት ችግር ይገጥመዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በቁቤ ግን 160 ይደርሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ብዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ እኔ የማምነው በድምፅ ነው። ምሳሌውም እዚሁ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ለአርሶ አደሩ የተከፈተው 8028 ነጻ የስልክ መስመር ስለ ዘርና ማዳበሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ በድምፅ ይናገር ነበር። ለስንዴው እንዲህ ከታሰበ ለገበሬው ጣፊያና ኩላሊትስ?

እስከዚያው ድረስ ቤተሰብ የራሱን ፕሮግራም መሥራት ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ጂዳ ያላችሁ ልጆች፣ ለእናታችሁ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር የድምፅ መልእክት ላኩ። «ስኳር ቀንሺ» ብቻ አትበሉ፤ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። «እማዬ፣ ዛሬ ሻይሽን በአንድ ማንኪያ ጠጪ።» «አባዬ፣ ከዐስር በኋላ ግማሽ ሰዓት በእግርህ ሂድ።» ጫት የሚቃምበት ቤት ከሆነ ደግሞ ለስላሳውን አንሱበት። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። በኢፍጧር ላይ ቴምር፣ ጁስ፣ ሳምቡሳና ጣፋጭ ሻይ አንድ ላይ ሲወርዱ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። ሁለት ሦስት ቴምርና ውኃ፣ ቀጥሎ ሾርባ ይበቃል።

ስኳር ያለበት ሰው ለመጾም ካሰበ ከረመዷን አንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር። እየጾመ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን ማፍረስ አለበት። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያበላሽ ዑለማዎች ገልጸዋል፤ አላህም ለታመመ ሰው በሌላ ቀን የመክፈልን ፈቃድ ሰጥቷል። «አሳፈረኝ» ብሎ እስከ መውደቅ መታገሥ ከዚህ ፈቃድ ጋር አይሄድም።

ስልኩ መርዝም ያመጣል። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ስኳርን በ40 ቀን ከሥሩ የሚነቅል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ። ከጥቁር አዝሙድና ከማር ስም ጋር ስለሚያያይዙት ሙእሚኑ ሰው ቶሎ ያምናል። ይህንን አምነው ሜትፎርሚን ያቆሙና ከወራት በኋላ በማይድን የእግር ቁስል የመጡ ሰው አይቻለሁ። ጥቁር አዝሙድን መጠቀም የሚፈልግ ይጠቀም፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቁም።

በመጨረሻ ከውጭ መለኪያ ለምታስልኩ፦ የሚሠራው ለራሱ በተሠራው ስትሪፕ ብቻ ነው፤ የሌላው አይገባም። ስትሪፑ እዚህ ካልተገኘ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከማስገዛታችሁ በፊት እዚህ ስትሪፑ የሚሸጥለት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚያነበውም በሚሊግራም መሆኑን አረጋግጡ። እኚያን እናት መሣሪያው ላይ «በ18 አባዢ» ብዬ በፕላስተር ጽፌ ሸኘኋቸው፤ ማባዛቱን የልጅ ልጃቸው ያግዛቸዋል።