ዊልቸር ላይ ሆኖ ስፖርት? አዎ! ግን ትከሻን እንጠብቅ

እዚህ ዲላ የዊልቸር ተጠቃሚዎች "ዶክተር፣ ስፖርት አይጎዳኝም?" ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 በቴል አቪቭ ፓራሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው አብርሃም ሀብቴ በአትሌቲክስም በጠረጴዛ ቴኒስም ተወዳድሯል። እንደሱ ስፖርት መቀያየር ለትከሻም ጥሩ ነው።

ለምን? የዊልቸር ተጠቃሚ ትከሻው እግሩም ነው። የጌዴኦን ዳገት ሲገፋ የዋለ ትከሻ ላይ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ ከደጋገምንበት ጅማቱ ይቆጣል።

ስለዚህ፦
👉 ከመግፋት ሌላ በላስቲክ ወደ ኋላ መሳብ ይለማመዱ
👉 ቀስ በቀስ በሳምንት 150 ደቂቃ ይድረሱ
👉 በየ15–30 ደቂቃው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው መቀመጫዎን ያሳርፉ
👉 ማታ ቆዳዎን በመስታወት ይዩ

ስሜት ያጣ ቆዳ ሲቆስል አያምም! የማይለቅ መቅላት ወይም መጥቆር ካዩ እዚያ ላይ አይቀመጡ፤ ቶሎ ይታከሙ።

ዊልቸር ለሚጠቀም ወዳጅዎ ሼር ያድርጉ።