የማለዳው ዋጋ፤ አዲስ የሩዝ ሰብሳቢን ስለ መርዳትና ስለ ማነጋገር

በኅዳር ወር ከፎገራ ሜዳ ውሃው ሸሽቶ፥ ዋልካው ጠንክሮ፥ ጋሪና ባጃጅ ወደ ገጠሩ መዝለቅ በሚጀምሩበት ጊዜ፥ በወረታ ከተማ ያሉ የሩዝ ነጋዴዎችና የመፈልፈያ ባለቤቶች በየቀበሌው ሰብሳቢ ያሰማራሉ። ሰብሳቢ የሚባለው በዚያው ቀበሌ ተወልዶ ያደገ፥ ገበሬውን በስም የሚያውቅ፥ ብዙ ጊዜም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲጠባበቅ የቆየ ወጣት ነው። ደመወዝ የለውም፤ በሰበሰበው ኩንታል ልክ ኮሚሲዮን ይታሰብለታል። በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በሌሎቹ የወረዳው ቀበሌዎች ሥራው የሚካሄደው በዚህ ልማድ ነው።

ነጋዴው ለአዲሱ ሰብሳቢ የሚሰጠው ዕቃ የታወቀ ነው፤ ሚዛን፥ ባዶ ጆንያ፥ መስፊያና ሲባጎ፥ ጥቂትም የመነሻ ገንዘብ። ብዙዎች የሚነፍጉት ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ወሬ ነው። ዛሬ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጸና፥ ስንት ኩንታል እንደሚፈለግ በጊዜው የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በቁሐር ሚካኤል ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት ማታ ከነጋዴው የሰማውን ዋጋ ይዞ፥ በማግሥቱ ማለዳ ከገበሬዎች ጋር ይስማማል እንበል። 15 ኩንታል ይመዝናል፤ ይሰፋል፤ ከፊሉን በእጁ ካለው ገንዘብ ይከፍልና የቀረውን «ማታ አመጣለሁ» ብሎ በቃሉ ያሳድረዋል። ጋሪው ወረታ ሲደርስ ግን ነጋዴው ዋጋው በኩንታል 200 ብር መውደቁን ያረዳዋል። ጉድለቱ 3000 ብር ሆነ ማለት ነው። ኮሚሲዮኑ በኩንታል 20 ብር ቢሆን፥ ይህን ለመሙላት 150 ኩንታል ያለ ምንም ትርፍ መሰብሰብ አለበት፤ ለጀማሪ ይህ የወራት ልፋት ነው።

የገንዘቡ ጉዳት ይህ ሲሆን የስሙ ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማታ ባዶ እጁን ሲመለስ የሚጠብቀው ገበሬ የአባቱ ባልንጀራ ወይም የክርስትና አባቱ ነው።

«አንተ ልጅ፥ ጧት ያልኸው ማታ የት ገባ?»

«አያ፥ ዋጋው ወርዶ ነው።»

«ዋጋውስ ይወርዳል፤ ቃልህ ስለ ምን ወረደ?»

ለዚህ ጥያቄ ወጣቱ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ነጋዴው ነገ ሌላ ሰብሳቢ ያገኛል። ወጣቱ ግን ያለው መንደር አንድ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ነጋዴው ራሱ ወርዶ ስለ ምን አይገዛም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ገበሬው የሚያወጣው አንድ ጊዜ ሁለት፥ አንድ ጊዜ ሦስት ኩንታል ነው፤ ይህን ከየጎጆው መልቀም ለአንድ ሰው የማይቻል ነገር ነው። ከዚህም ሌላ የሩዝ ንግድ በአካባቢው ገና ወጣት ነው። ፎገራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው በከብቱ ነው፤ ሩዝ ሜዳውን የያዘው ግን በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ውስጥ ካስጀመሩት በኋላ ነው። በገበሬው ዘንድ እጅግ የተወደደው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። እንግዲህ የእህል ነጋዴው ልጅ ስለ ጤፍና ስለ ኑግ ከአባቱ የወረሰው ዕውቀት ለሩዝ ብዙም አይረዳውም። ጤፍ በዐይን ይታወቃል፤ ሩዝ ግን ውስጡ የሚታወቀው ከመፈልፈያው ሲወጣ ነው። ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ከ60 እስከ 70 ኪሎ የሚሆን የተፈለፈለ ሩዝ ይጠበቃል፤ ሳይደርቅ የተሰፋ እንደ ሆነ በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፥ ይቢጫል፥ ይሻግታል፤ ሲፈለፈልም ይሰባበራል። በኃይለኛ ፀሐይ ከመጠን በላይ የደረቀውም እንዲሁ ይሰነጠቃል። ቀይ ፍሬ የተቀላቀለበት ደግሞ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ይህን ሁሉ ለአዲሱ ሰብሳቢ በአንድ ቀን ምክር ነግሮ መጨረስ አይቻልም። «እርጥብ እንዳትገዛ» ማለት ቀላል ነው፤ እርጥቡን በጥርስ ነክሶ፥ በመዳፍ አሽቶ መለየት ግን ልምድ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ወጣቱን ራሱ ከገዛው ጆንያ ጋር ወደ መፈልፈያው አምጥቶ፥ በፊቱ አስፈልፍሎ፥ ሙሉ ፍሬውንና ስብርባሪውን ለየብቻ መዝኖ ማሳየት ነው። አንድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የመፈልፈያው ባለቤት ሥራ በሚበዛበት በታኅሣሥ ይህን ግማሽ ቀን መስጠት ይከብደዋል፤ ሆኖም በዚያው ወር በእርጥብ ሩዝ ከሚደርስበት ኪሳራ ጋር ቢያስተያየው ከባድ ሆኖ አይገኝም።

ሁለተኛው የሚያስቸግር ነገር ፍርሃት ነው። አዲስ ሰብሳቢ መጀመሪያ ሳይሳሳት አይቀርም። እርጥብ ሩዝ መግዛቱን በሁለተኛው ቀን ቢያውቅና ቢናገር፥ ጆንያው ተፈትቶ፥ ሩዙ ተሰጥቶ ብዙው ይድናል። ካልተናገረ ግን በመጋዘኑ ውስጥ ከሌላው ጋር ተደርድሮ ይከርማል። ታዲያ ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ይህ የሚወሰነው ነጋዴው ባለፈው ጊዜ በመለሰለት መልስ ነው። በመጋዘኑ በር፥ ተሸካሚዎችና ሌሎች ሰብሳቢዎች እየሰሙ የተዘለፈ ልጅ ዳግመኛ መጥፎ ወሬ ይዞ አይመጣም። በስልክ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቆጣትም ያው ነው፤ በቀበሌው ያለ ሰው ስልኩን ከወጣቱ ጋር አብሮ ያዳምጣል። ተግሣጽ የሚያስፈልግ ከሆነ ከመጋዘኑ ኋላ፥ ለብቻ፥ ሒሳቡ እየታየ ቢሆን ይሻላል።

ሒሳቡ ከተነሣ ዘንድ፥ በቃል የሚያዝ ሒሳብ ለጀማሪ ወጥመድ ነው። ቀኑ፥ የገበሬው ስም፥ ክብደቱ፥ የተስማሙበት ዋጋ፥ የተከፈለውና የቀረው የሚጻፍባት አንዲት ደብተር በሰብሳቢው ዘንድ፥ ግልባጯም በነጋዴው ዘንድ ብትኖር፥ በየሳምንቱም ሁለቱ ቢመሳከሩ፥ በየካቲት የሚነሣው ጠብ እኩሌታው አይነሣም። ኮሚሲዮኑም በዚያው ቀን ቢከፈል መልካም ነው። «ይጠራቀምልህ» የሚባል ኮሚሲዮን መጨረሻው ሲጎድል እንጂ ሲሞላ ብዙ አልታየም።

ወደ ዋናው ነገር ለመመለስ፥ ለማለዳው ዋጋ ሥርዓት ያበጁ ነጋዴዎች የሚያደርጉት ይህን ነው። በተወሰነ ሰዓት፥ ገበሬው ከቤቱ ሳይወጣ፥ ለእያንዳንዱ ሰብሳቢ ይደውላሉ። ዋጋውን፥ የሚጸናበትን ሰዓትና የሚፈለገውን ኩንታል ይነግራሉ። ሰብሳቢውም የሰማውን መልሶ ይደግማል፤ 4200 እና 4020 በስልክ ቢምታቱ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልምና። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ ያጸናሉ፤ ይኸውም ነጋዴው ሳይደውል የቀረ እንደ ሆነ፥ ሰብሳቢው በትናንቱ ዋጋ ቢገዛ ጉዳቱ የነጋዴው ነው። ይህን ደንብ ለመቀበል የሚያቅማሙ አሉ። ነገር ግን ዋጋውን ማወቅ የሚችለው ነጋዴው ሆኖ ሳለ፥ አለማወቅን በማያውቀው ላይ መጫን በምን ሚዛን ይመዘናል?

ሕጉም ቢሆን ወደዚሁ ያዘነብላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በሚናገርበት ክፍል፥ ወኪል በተጠየቀ ጊዜ ሒሳቡን ለወካዩ ማቅረብ እንዳለበት ያዛል፤ ወካዩም በበኩሉ ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ እንዲሰጥና ወኪሉ ያለ ጥፋቱ በሥራው ምክንያት የደረሰበትን ጉዳት እንዲክስ ግዴታ ይጥልበታል። የመንደሩ ሰብሳቢ የውክልና ጽሑፍ አይዝም ይሆናል፤ የነገሩ መንፈስ ግን አንድ ነው።

ዋጋው ሲወርድ ምክንያቱን መንገርም ያስፈልጋል። ሕንድ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ክልከላውንም መስከረም 2017 ዓ.ም. አነሣች። የፎገራ ሩዝ በአዲስ አበባ ገበያ ከውጭ ከሚገባው ሩዝ ጋር ይፎካከራልና፥ እንዲህ ያለ ወሬ ለነጋዴው አስቀድሞ ይደርሳል፤ በቁሐር ሚካኤል ለቆመው ወጣት ግን አይደርስም። «የውጭው ሩዝ እየገባ ነው» ብሎ ለገበሬው ማስረዳት የሚችል ሰብሳቢና «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚል ሰብሳቢ በገበሬው ዐይን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዋጋ ቢቀንስም ታምኖ ይመለሳል።

መገናኛው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በቅርቡ ዓመታት ጎልቶ ታይቶአል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በደቂቃ መላክ ተችሎአል፤ ወጣቶችም ዋጋ በቴሌግራም መቀባበልን ለምደው ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፥ በእሱ ብቻ የተማመነ ሁሉ ዋጋ ሳይሰማ ማደር ግድ ሆነበት። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የድምፅ ጥሪን፥ ስልክም በማይሠራበት ቀን በባጃጅ ወይም በጋሪ ነጂ እጅ የሚላክ ቁራጭ ወረቀትን አይንቅም። ወረቀቷ ቀንና ፊርማ ካላት፥ ኋላ ለሒሳብ ከስልኩም ትሻላለች።

በኮሚሲዮን የሚሠራ ሰውን የመያዝ ችግር የወረታ ብቻ አይደለም። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1988 ዓ.ም. መጽሐፉን ለሚያስተዋውቁለት ሰዎች ከሽያጩ ድርሻ መክፈል ጀመረ፤ ዛሬ «አፊሊዬት» የሚባለውና በዓለም የተስፋፋው ንግድ የዚህ ዓይነት ነው። በኬንያም ሳፋሪኮም በ1999 ዓ.ም. ኤምፔሳን ሲያቋቁም፥ ወኪሎቹን በየሱቃቸው እየዞረ የሚጎበኝና የሚያሠለጥን ሌላ ድርጅት ቀጥሮ ነበር። ወኪሉን ኮንትራት አስፈርሞ መተው እንደማይበቃ ስላወቀ ነው እንጂ ገንዘብ ተርፎት አይደለም። እግረ መንገድን ለመጥቀስ ያህል፥ ሰው አምጥተህ ካስገባህ ትከፈላለህ የሚለውን የፒራሚድ ንግድ ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም፤ ይህን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከልክሎአል። የሰብሳቢው ኮሚሲዮን ከኩንታሉ የሚመጣ ነው።

የቀረው የክረምቱ ነገር ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ይለብሱታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ሰው እስከ ማፈናቀል የሚደርሱበትም ዓመት አለ። በዚህ ወራት ግዢ የለም፤ ኮሚሲዮንም የለም። ብዙ ነጋዴ ሰብሳቢውን የሚያስታውሰው በኅዳር ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ወደ ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ሄዶ ወይም በኩንታል አምስት ብር ከጨመረለት ሌላ ነጋዴ ጋር ተስማምቶ ይገኛል፤ መፈልፈያው አጠገብ ቆሞ የተማረውም ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። በክረምት እየደወሉ «ቤተ ሰብ ደኅና ነው? ሩዙስ እንዴት ይዞአል? ውሃው የበላው አለ?» ብለው የሚጠይቁ ግን ሰውየውንም ያቆያሉ፥ የመኸሩንም ወሬ ከሁሉ ቀድመው ይሰማሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየወሩ አንድ ጊዜ የስልክ ካርድ የሚልኩም አሉ፤ ለአንድ ሰብሳቢ የአራቱ ወር ወጪ ተደምሮ ከአንድ ኩንታል ሩዝ ዋጋ አይደርስም።