ሾፌር አልባው መኪና ማንን ያሳስራል?

ስሜን አትጠይቁኝ። ደሴ መናኸሪያ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው የለም፤ ይህን ያወራሁት እኔ መሆኔ ከታወቀ ባለንብረቶቹ መኪናቸውን ሌላ ጋራዥ ይወስዳሉ። በረዳትነት ጀምሬ፣ የደሴ–ኮምቦልቻን መስመር በሚኒባስ ተመላልሼ፣ የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ አይቼ፣ አሁን ከመኪና ሆድ ስር ተኝቼ የምውል ሰው መሆኔን ማወቃችሁ ይበቃል።

ሰሞኑን ጋራዥ ውስጥ የማይሰለች ወሬ ቢኖር በራሱ የሚሄደው መኪና ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እንደሚከለከል በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ራሳቸውን አይነዱም። ግን መስመር ስትለቅ መሪውን ሊመልሱብህ ይሞክራሉ፣ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት ይለካሉ፣ ሲብስ ፍሬኑን ራሳቸው ይይዛሉ። ወጣቶቹ የሳን ፍራንሲስኮውን ሾፌር አልባ ታክሲ፣ ዌይሞን፣ በስልካቸው እያዩ “ይኸው፣ ቀስ እያለ መጣልን” ይላሉ። ነባሮቹ ሾፌሮች ደግሞ “መጀመሪያ ሐረጎን ይውረድና እናየዋለን” ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ይህ ሁሉ በአደባባይ የሚባል ነው። በአደባባይ የማይባለው ሌላ ነው፤ ጠጋ በሉ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ በሐረጎ ልጀምር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለ ከተማ ተነስተህ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳለህ። ነባር ሾፌር ለጀማሪ የሚነግረው ሕግ አንድ ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፤ ሞተሩ ይያዝህ እንጂ ፍሬን ላይ አትተኛ። ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ይሆን ኮምቦልቻ ጫፍ ላይ ጎማው የሚጨስ መኪና የማይጠፋው? ባለንብረቱ ለሾፌሩ ነዳጅ ለክቶ ይሰጠዋል፤ ከተለካው የተረፈው የሾፌሩ ኪስ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ይለቀዋል። ሊትር ተርፋ ትሸጣለች፣ የፍሬኑ ሸራ ይነዳል፣ ተሳፋሪው ቢስሚላህና በስመ አብ ይላል። አደጋ ሲደርስ ግን ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው “ፍሬን እምቢ አለ” የሚል ነው።

እንግዲህ እውነቱን ስናወራ በዚህ በኩል ማሽኑ ይሻላል። ማሽን ነዳጅ ቆጥቦ አይሸጥም። ኤሌክትሪክ መኪና እንዲያውም ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እየያዘው ባትሪውን ይሞላል። ከሚሌ ተነስቶ በባቲ በኩል ሌሊቱን ሲነዳ እንቅልፉን በጫት የሚያባርር የተሳቢ ሾፌርም አብሬ ስለሠራሁ አውቃለሁ፤ ምርቃናው ሲለቅ ዓይን ተገልጦ እንቅልፍ ይወስዳል። ካሜራ አይመረቅንም፣ ዱካክም አይመጣበትም። ሕዝቡ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር”፣ አይሱዙን “አልቃይዳ” ብሎ የጠራው መሪውን ሰው ይዞት እያለ ነው። በሾፌር ላይ እምነት ያጣ ሕዝብ ማሽን ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ዌይሞ 56.7 ሚሊዮን ማይል ያለ ሾፌር ተነድቶ፣ በዚያው አካባቢ በሰው ከሚነዳው ጋር ሲነጻጸር እግረኛ የሚጎዳበት አደጋ በ92 በመቶ ያነሰ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥናት ወጥቷል። ጥናቱን የሠሩት የኩባንያው ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ግማሹን እንኳ ብናምን ቀላል ነገር አይደለም።

ነባሮቹ ሾፌሮች መከራከሪያ አድርገው የሚያነሱት አህያውን፣ ባጃጁን፣ ከባቲ ገበያ የሚመለሰውን ግመል፣ የክረምቱን ጉም፣ ከገደሉ ላይ የሚንከባለለውን ድንጋይ ነው። የተበላሸ መኪና ሲኖር በሦስት ማዕዘን ምልክት ፋንታ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ቅጠል አለ። ኬላ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው ገመድ አለ። ከፊት የሚመጣው ሾፌር በመብራት ብልጭታ የሚልክልህ መልእክትም አለ፤ ትራፊክ ቆሟል ይሁን፣ መንገዱ ተዘግቷል ይሁን፣ ከአበራሩ ታውቀዋለህ። ይህን ማሽን አያውቅም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ለጊዜው። የሚማር ነገር ደግሞ ይማራል። ቅጠል ማለት ቁም ማለት መሆኑን ረዳት ሆኜ ገና በሳምንቴ ካወቅሁት፣ ማሽኑ የማያውቅበት ምክንያት አይታየኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ከጋራዥ ውስጥ የሚታየው ነው።

የፍጥነት መገደቢያ ግጠሙ ተብሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ተገጠመ። ከዚያም ሽቦው ተቆረጠ፤ ለቦሎ ምርመራ ቀን ይቀጠላል፣ ማግስቱን ይፈታል። ለምርመራ ቀን ብቻ የሚከራይ ጎማ አለ። ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ “እስከ ወር መጨረሻ ይቆይልኝ” የሚል ባለንብረት አለ። ኤሌክትሪክ መኪና የገዙትም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ዝም እንዳሰኝላቸው ነው፤ ጉድጓድ ለመሸሽ መስመር ሲለቁ መሪው እየታገላቸው ተማርረዋል። አጠፋላቸዋለሁ። ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው። እንግዲህ በካሜራና በጨረር የሚያይ መኪና ዓይኑ በጭቃ ሲሸፈን፣ አንዱ መለኪያ ሲበላሽ፣ መለዋወጫው ከቻይና ወር ሲፈጅ፣ ያ የሸራውን ብር የቆጠበ ሰው መኪናውን ያቆመዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ከሐረጎ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ እንምጣ። መጋቢት 2010 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሞተ። በዚያው ወር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018፣ አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ቴምፒ በምትባል ከተማ በራሱ የሚሄድ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች በሌሊት መንገድ የምታቋርጥ አንዲት ሴት ገጭቶ ገደለ። ኡበር ሙከራውን በሙሉ አቆመ፤ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጻፈ። የኛን 38 ቀበርን፣ በማግስቱ መናኸሪያው እንደወትሮው ተከፈተ። ሰው የገደለው ሞት “ቀኑ ነው” ይባላል፤ ማሽን የገደለው ግን ዓለምን ያስቆማል። ይህ ብቻውን ብዙ ያናግር ነበር፤ የእኔን ትኩረት የሳበው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አደጋውን መረመረ። መኪናው ሴትዮዋን ከመግጨቱ 5.6 ሴኮንድ በፊት አይቷታል። ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ሌላ ነገር እያለ ሲያምታታ ጊዜው አለቀ፤ ሰው ከዜብራ ውጭ መንገድ ያቋርጣል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ አልተጨመረበትም ነበር። (የኛን የሰኞ ገበያ ግርግር ያየ ሰው ይሳቅ ወይ ያልቅስ።) መኪናው ቮልቮ ነበር፤ የራሱ አውቶማቲክ ፍሬን ደግሞ በኮምፒውተር ሲነዳ እንዳይሠራ ተደርጓል። ቦርዱ የኩባንያውን የደህንነት አያያዝ ደካማ ነው ብሎ ወቀሰ። ከዚያ ማን ተከሰሰ? አቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር አላገኘሁም አለ። የተከሰሰችው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታይ የነበረችው ተቆጣጣሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተቀበለች። ስልክ ማየቷ ጥፋት ነው፤ እኔም ረዳቴን ብይዘው አባርረዋለሁ። ሆኖም መኪናውን የሠራው፣ ፍሬኑን ያጠፋው፣ መንገድ ላይ ያወጣው ሌላ ሆኖ ሳለ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ስም የተቀጣሪዋ ብቻ ነው።

ይህን ስሰማ ሥራችንን አየሁት። እዚህም መኪናው የባለንብረቱ ነው፣ ሸራውን አልቀይርም ያለው እሱ ነው፣ ትርፍ ካልጫንክ ገቢህ አይሞላም ያለው እሱ ነው። ሰው ሲሞት ጣቢያ ገብቶ እጁን የሚሰጠው ግን ሾፌሩ ነው። ሕጉም ሁለት ቦታ ይቆማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይክፈል ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ስለዚህ በገንዘቡ በኩል ሾፌር አልባው መኪና አዲስ ጣጣ አያመጣም፤ ካሳው ከባለቤቱና ከሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ይወጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግን በቸልተኝነት የገደለን ሰው ይፈልጋል። ሰው ነው የሚፈልገው። መኪና አይታሰርም።

የሟች ቤተሰብም ሰው ይፈልጋል። በወሎ አገር ደም የሚደርቀው በሽማግሌና በአስታራቂው አበጋር ፊት ነው። ስንት ብር ይከፈል ከሚለው በፊት “የታለ ልጁ? ፊቱን እንየው” ይባላል። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲቆም ያዩት እንደሆነ፣ “አላህ ያመጣው ነው፣ አብሽር” የሚል የሟች አባት አይጠፋም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቤት የወጣው ሾፌር ዳግመኛ መሪ አልያዘም። ለኮምፒውተር ማን ተልኮ ይቅርታ ይጠይቅ? ቤተሰቡስ የማንን ፊት ይይ?

በአሜሪካም ቢሆን ወንበሩ ባዶ ሆነ የተባለውን ሁሉ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አውሮራ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከዳላስ ሂውስተን ሾፌር የሌለበት የጭነት መኪና ጀመርኩ አለ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ መኪናውን የሚሠራው ፋብሪካ ስለጠየቀ በሾፌሩ ወንበር ላይ ታዛቢ መለሰ፤ ታዛቢው ግን መኪናውን አይነዳም ተባለ። ቴስላ በጁን 2025 ኦስቲን ላይ ታክሲውን ሲጀምር በተሳፋሪው ወንበር ላይ ሰው አስቀምጦ ነው። ክሩዝ የሚባለው የጀነራል ሞተርስ ኩባንያ ደግሞ መኪኖቹ ሲጨንቃቸው ከሩቅ ሆነው የሚረዷቸው ሠራተኞች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2023 አምኗል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ጀነራል ሞተርስ የታክሲ ሥራውን ዘጋው። ማሽኖቹ እግረኛና መኪና እንዲለዩ በሥዕል ላይ ሳጥን እየሳሉ የሚያስተምሩት ከኬንያ ሳይቀር የተቀጠሩ ወጣቶች ነበሩ። ሾፌሩ አልጠፋም፤ ረዳት በረዳት ሆነና ተበተነ። መሪ ሳይነካ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ታዛቢ ምን ይሠራል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሴን ከላይ አግኝታችሁታል።

ዋሽንግተን ዲሲ ኡበር የሚነዱ የሰፈር ልጆች ሲደውሉ ጭንቀታቸው ከኛ ይለያል። ዌይሞ እ.ኤ.አ. በ2026 ከተማቸው ውስጥ ሊጀምር ማቀዱን በማርች 2025 ሲያስታውቅ የከተማው ሕግ ገና መሪ ጀርባ ሰው ይኑር ይል ነበር፤ እነሱም ያንን ሕግ ጥላ አድርገው ተቀምጠው ነበር። እኛ አይሠራም ብለን እንጠራጠራለን፣ እነሱ ይሠራል ብለው ይፈራሉ። ከሁለታችን የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ዌይሞ በገባባቸው ከተሞች በየቀኑ አብረውት ከሚነዱ ዘመዶቻቸው ይሰማሉና።

ወደኛ ቢመጣ መጀመሪያ የሚገባው ሐረጎ ላይ አይመስለኝም። አጥር ያለበት ቦታ ይሆናል፤ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ግቢ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ኮንቴይነር ከዚህ ወደዚያ የሚያዞር። አህያ የለም፣ መንገዱ ይታወቃል፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው። እዚያ ቢሠራ እኔም አጨበጭባለሁ።

በቀደም አንድ ሐጂ ባለንብረት የተሳቢያቸውን ሸራ ሊያስቀይሩ መጥተው ይህንኑ አነሱ። “እንዲያው ያ ሾፌር የሌለው መኪና ከመጣ የሾፌር ደሞዝ ቀረልኝ ማለት አይደል?” አሉኝ።

“ይቀርልዎታል ሐጂ። ሰው የገጨ ቀን ግን ጣቢያ የሚገቡት እርስዎ ይሆናሉ” አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ሸራውን አገላብጠው አዩና “እንግዲያው አንድ ልጅ እናስቀምጥበታለን” አሉ።