ስለ ፒክ አፕ መኪና የሞተር ዘይት አመራረጥ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳና ስለ ንጽሕና ማንበብ የለመደ ሰው፥ ዛሬ ስለ መኪና ዘይት ተጽፎ ባየ ጊዜ ገጹን የተሳሳተ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን አልተሳሳተም። ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው በምዕራብ ሸዋ አገር ፒክ አፕ መኪና ያለው ቤተ ሰብ መኪናውን የሚያኖረው ለጌጥ አይደለም። የጊንጪን ጤፍ ወደ ገበያ የሚያደርስ፥ ተማሪውን ወደ አምቦ የሚወስድ፥ ዘመድን ለቅሶ ቤት የሚያደርስ፥ በሌሊትም ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ይዞ የሚሮጥ እርሱ ነው። እንግዲህ የዚህ መኪና ደኅንነት የቤቱ ደኅንነት አንድ ክፍል ስለ ሆነ፥ ነገሩን ለሾፌሩና ለመካኒኩ ብቻ ትቶ መቀመጥ ለቤቱ ጌታም ለእመቤቲቱም የሚገባ አይመስለንም።

መኪናና ይህ አገር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የሠረገላ መንገዶች አንዱ ነበር፤ የመጀመሪያውም አውቶሞቢል በ1900 ዓ. ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ቀርቦላቸዋል። ዛሬ ግን ስለ መኪና ጥበቃ እንድንናገር የሚያስገድድ አዲስ ምክንያት ተጨምሮአል። በ2016 ዓ. ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፥ በእጅ ያለው መኪና ቢበላሽ በሌላ እተካዋለሁ ማለት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን በቤተ ዘመዳችን የደረሰ አንድ ነገር ነው። በጌዶ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አጎታችን በናፍጣ የሚሠራ፥ ቱርቦ ያለው አሮጌ ፒክ አፕ አላቸው። መኪናውን የሚነዳው ልጃቸው፥ «ሞተሩ አርጅቶአልና ወፍራም ዘይት ያስፈልገዋል» የሚል ምክር ከአንድ ዘይት ሻጭ ተቀብሎ፥ 50 የሚል ቁጥር ብቻ የተጻፈበትን ዘይት ሲያስገባበት ከረመ። ጌዶ ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የማለዳው ብርድ ይበረታል። ሞተሩ በተነሣ ቍጥር ቀዩ የዘይት መብራት ቶሎ አልጠፋም እያለ ይቆይ ነበር፤ ልጁ ግን «ብርዱ ነው» እያለ ሞተሩ ሳይሞቅ ይነዳው ነበር። በአንድ ሌሊት የጎረቤታቸው ሚስት ምጥ ጸንቶባት ወደ አምቦ ይዘዋት ሲሄዱ፥ ጉደር ሳይደርሱ መኪናው እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አሰማ፤ ሰማያዊ ጢስም ከኋላው ወጣ፤ ጕልበቱም ጠፍቶ ከመንገድ ዳር ቆመ። ሴትዮዋ ባለፈ በሌላ መኪና ተጭና አምቦ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። መኪናው ግን በገመድ ተጐትቶ ገባ።

መካኒኩ ቱርቦውን ፈትቶ ባየ ጊዜ፥ መዘውሩ የሚዞርበት ስፍራ በድርቀት ተበልቶ አገኘው። ቱርቦ ማለት በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ትንሽ መዘውር ስለ ሆነ፥ ዘይት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢዘገይበት ይጐዳል። አጎታችንም ነገሩን በሰሙ ጊዜ፥ «ወፍራም ካባ ከብርድ ያድናል፤ ወፍራም ዘይት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ከቶ አላሰብሁም» አሉን። እኛም ብንሆን ቀድሞ ያሰብነው እንደ እርሳቸው ነበር።

የብዙ ሰው ስሕተት ከዚህ ይነሣል፤ ውፍረትን እንደ ጥንካሬ መቍጠር። የዘይት ሥራ በሁለት ብረቶች መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ብረት ብረትን እንዳይነካ መከልከል ነው፤ እንዲሁም ሙቀትን ተሸክሞ ይወጣል፥ የጢሱንም ጥላሸት ያጥባል። ይህን ሊሠራ የሚችለው ከሚያስፈልግበት ስፍራ በጊዜው ሲደርስ ነው። ዘይት ደግሞ ጠባዩ እንደ ማርና እንደ ቅቤ ነው፤ በብርድ ይረጋል፥ በሙቀት ይቀጥናል። ስለዚህ ጠቢባን በብርድ እጅግ የማይረጋ፥ በሙቀትም እጅግ የማይቀጥን ዘይት አዘጋጅተው፥ በጄሪካኑ ላይ ሁለት ቍጥር ይጽፉበታል።

ይህ የቍጥር ሥርዐት ኤስ ኤ ኢ ይባላል። ያወጣውም በአሜሪካ በ1905 የተቋቋመው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን፥ የመጀመሪያው የውፍረት ደንብ የተሠራው በ1911 ነው፤ ሁለቱም ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። ለምሳሌ 15 ደብልዩ 40 የሚለውን ጽሕፈት እንውሰድ። ደብልዩ በእንግሊዝኛ የክረምት ወይም የብርድ ወራት ምልክት ነው። የፊተኛው 15 ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ፈጥኖ ይሄዳል። የኋለኛው 40 ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፥ በመቶ ዲግሪ ሙቀት ላይ፥ የሚቀረውን ውፍረት ያሳያል። በአጎታችን መኪና የገባው ግን 50 የሚለው ብቻ ያለበት፥ ስለ ብርድ ምንም ያልተነገረለት ዘይት ነበር።

እንግዲህ ለእኛ አገር የሚበቃው የትኛው ነው? 15 ደብልዩ የሚለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በወንጪ ተራራ ላይ ስንኳ አይገኝም። ስለዚህ አምራቹ ካላዘዘ በቀር፥ ብርዱን ፈርቶ ብቻ 5 ደብልዩ የሚለውን በብዙ ገንዘብ መግዛት አያስፈልግም። ስለ ሙቀትም እንዲሁ ነው። «ባኮ ቈላ ነውና 50 ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ ባኮ ከባሕር ወለል 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ከአምቦ የሚሞቅ አገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሞተሩ አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ፥ በውስጡ ያለው ዘይት በባኮም ሆነ በጌዶ ወደ መቶ ዲግሪ ይጠጋል። ዘይቱ የሚያውቀው የሞተሩን ሆድ ነው እንጂ የአገሩን አየር አይደለም።

ከቍጥሩ ቀጥሎ ፊደሎቹን ማንበብ ይገባል። ይህን አብዛኛው ገዢ ይዘልለዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከቍጥሩ ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤ ፒ አይ የሚለው የአሜሪካ የነዳጅ ማኅበር ምልክት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ በኤስ የሚጀምር ፊደል ቢገኝ ዘይቱ ለቤንዚን ሞተር የተዘጋጀ ነው፤ በሲ የሚጀምር ቢገኝ ለናፍጣ ሞተር ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ፒክ አፖች፥ ማለት የቶዮታ ሂሉክስ፥ የኢሱዙ ዲ ማክስና የሚትሱቢሺ ኤል 200፥ አብዛኞቹ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። ናፍጣ ጥላሸት ያበዛል፤ ለቤንዚን ብቻ የተሠራ ዘይት ግን ያን ሁሉ ጥላሸት ይዞ ሊቈይ አይችልም። ከፍታውም ነገሩን ያብሰዋል፤ አምቦ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ይልቁንም ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ናፍጣውን አጥርቶ ለማቃጠል አየር ያንሰዋል፤ ያልተቃጠለውም ጥላሸት ሆኖ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በሲ ከሚጀምሩት መካከል ሲ አይ 4 የሚለው በ2002፥ ሲ ኬ 4 የሚለው በ2016 በፈረንጅ አቈጣጠር የወጡ ናቸው፤ የኋለኛው ፊደል ወደ ፊት በሄደ መጠን ዘይቱ አዲስ ነው።

የመጨረሻው ፍርድ ግን የአምራቹ መጽሐፍ ነው። ከመኪናው ጋራ የመጣው መጽሐፍ ጠፍቶ ከሆነ ከወኪሉ ዘንድ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ለብዙ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች 15 ደብልዩ 40፥ ሲ አይ 4 የሚለው ተራ ዘይት በቂ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለአንዳንዶቹም 20 ደብልዩ 50 ተፈቅዶ ይገኛል። በአዲሶቹ መኪናዎች ግን፥ በተለይ በጢስ መውጫው ላይ የጥላሸት ማጥሪያ ባለባቸው፥ አመዱ ያነሰ ልዩ ዘይት ይታዘዛል፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ለመቈጠብ ሌላ ማስገባት ማጥሪያውን መድፈን ነው። ሲንተቲክ የሚባለውን ውድ ዘይት ለአሮጌ መኪና ገዝቶ፥ «ውድ ነውና ይቈይ» ብሎ ሁለት እጥፍ መንዳትን እኛ አንመክርም። ተራውን ዘይት በየጊዜው መቀየር ይሻላል።

ጊዜው ስንት ነው ቢባል፥ መጽሐፉ የሚያዝዘው ኪሎ ሜትር ለደኅና መንገድ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ በአቧራ ወደ ገበሬው ቀበሌ የሚመላለስ፥ ጭነት የሚበዛበትም መኪና እንደ ከባድ ሥራ ይቈጠራል፤ ለእንዲህ ያለው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር የተለመደ ነው። የዘይቱን ፊልትሮ ሳይለውጡ ዘይቱን ብቻ መለወጥ፥ ታጥቦ እድፍ ልብስ እንደ መልበስ ነው። በመውቂያ ወራት የአየሩን ፊልትሮ ማየትም እንዳይረሳ፤ በዚያ በኩል የገባ አቧራ ጥሩውን ዘይት እንደ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋልና።

ስለ ቀለሙ ብዙ ሰው ይታለላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል፤ ይህ ዘይቱ ጥላሸቱን መያዙን ያሳያል እንጂ መበላሸቱን አያሳይም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በመለኪያው ብረት ላይ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ቢታይ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ናፍጣ ቢሸት ነዳጅ ተቀላቅሎበታል። በዚህ ጊዜ መኪናውን ማስነሣት አይገባም። መለኪያውን በሳምንት አንድ ቀን ማለዳ፥ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ሳለ፥ ልጆችም ቢሆኑ ሊያዩት ይችላሉ።

ውሃን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በጠበሏና በውሃዋ የታወቀች ናት፤ በዚያም ኵራት የተነሣ መኪናቸው በሞቀባቸው ጊዜ የአምቦን ውሃ በራዲያተሩ የሚጨምሩ ሰዎች አይተናል። ውሃው ለሆድ መልካም ነው። ለራዲያተር ግን በውስጡ ያለው ማዕድን እንደ ጀበና ቅርፊት ይጋገራል፤ ማቀዝቀዣው ሲደፈንም ሞተሩ ይግላል፥ ዘይቱም ከመጠን በላይ ይቀጥናል።

ዘይት ሲገዛ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውን አለመግዛት ይሻላል። ያደረ ዘይት ተጣርቶ በታወቀ ስም ጄሪካን ተሞልቶ ይሸጣልና፥ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን ማየት፥ ደረሰኝም መቀበል ይገባል። ዘይቱ በዐይን ፊት ይቀየር፤ ባዶውም ጄሪካን በምስማር ተበስቶ ይጣል፤ ያልተበሳው ተመልሶ ለአታላይ ዕቃ ይሆናል። ብዙዎቹ ፒክ አፖች የሚወስዱት ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ስለ ሆነ፥ በሒሳቡ ወረቀት ላይ ዐሥር ተጽፎ ቢገኝ እመቤቲቱ ልትጠይቅ ይገባታል። የተቀየረበት ቀን፥ የኪሎ ሜትሩ ቍጥርና የዘይቱ ዐይነት በአንድ ደብተር ይጻፍ። የአጎታችን ልጅ ይህን ደብተር አሁን ከመሪው አጠገብ በሲባጎ አስሮ አንጠልጥሎታል።

የወጣው አሮጌ ዘይት የት ይድረስ? ምስጥ እንዳይበላው የቤቱን ምሰሶ የሚቀቡበት አሉ፤ ነገር ግን ይህ ዘይት በቈዳ ላይ ሲደጋገም የነቀርሳ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል፥ በባዶ እጅ መንካትም ሆነ ልጆች በሚደርሱበት ማስቀመጥ አይገባም። በአምቦ ከተማ መካከል በሚያልፈው በሁሉቃ ወንዝም መድፋት ከታች የሚቀዳውን ሰው መበደል ነው። በክዳን ዘግቶ፥ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ይቻላል።